ስለ ጠባቂና ስለ መስካሪ

ሰው ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ ይዞት የሚመጣው ቋንቋ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ልቅሶ ነው። ቢርበው ያለቅሳል፥ ቢበርደው ያለቅሳል፥ ቢያመውም ያለቅሳል። ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጓሜው ብዙ ስለ ሆነ፥ ሰሚው እንደ ቅኔ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት መድከም አለበት። ለዚህ ትርጓሜ የእናትን ጆሮ የሚያህል እንደሌለ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን እናቲቱ ራስዋ ታማሚ ብትሆን፥ ወይም ልጅዋ ከእቅፍዋ ተወስዶ በሌላ ክፍል ቢተኛ፥ ልቅሶውን የሚተረጕመው ማን ነው? በዘመናችን ለዚህ ጥያቄ «መሣሪያ ይተርጕመው» የሚል መልስ ተገኝቷል። ይህ መልስ መልካም ነውን? መሣሪያውስ የሰማውን ለማን ይንገር? ዛሬ ከአንባቢዎቼ ጋር ልመረምረው የፈለግሁት ይህን ነው።

ነገሩ ከሌላው አገር ይልቅ የበረታው በአሜሪካ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከአፍዮን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች፥ ማለት ሞርፊን፥ ሄሮይን፥ ሜታዶን፥ ፈንታኒልና እነዚህን የመሳሰሉት፥ ነፍሰ ጡር ሴት በወሰደቻቸው ጊዜ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፈው ወደ ፅንሱ ይደርሳሉ፤ የፅንሱም ገላ ይለምዳቸዋል። በተወለደ ጊዜ እትብቱ ሲቈረጥ ምግቡ ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱም አብሮ ይቈረጥበታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፥ ሜታዶን እንደ ሆነ ግን አንዳንድ ጊዜ ከዚያም ዘግይቶ፥ ሕመሙ ይጀምረዋል። እጅና እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ልቅሶው ቀጭንና ጆሮ የሚሰነጥቅ ይሆናል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ያልበዋል፤ ደጋግሞ ያስነጥሳል፥ ያዛጋል፤ ጡት ለመያዝ እየጓጓ መጥባት ያቅተዋል፤ ያስታውከዋል፥ ያስቀምጠዋል፤ አልፎ አልፎም የሚጥለው አለ። በዚያ አገር በሆስፒታል ከሚወለዱት ከ1000 ሕፃናት መካከል ይህ ሕመም የተገኘባቸው በ2010 ዓ.ም. 4 ያህል ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ከ7 በላይ ሆኑ። ዌስት ቨርጂኒያ በምትባለው ተራራማ ግዛት ግን በዚያው ዓመት ከ1000 ውስጥ ከ50 በላይ ነበሩ። ይህ ማለት ከሃያው አንዱ ነው፤ በአንድ መንደር ውስጥ የክርስትና ልጅ የሌለው ሰው እንደማይገኝ ሁሉ፥ በዚያ ግዛትም እንዲህ ያለ ሕፃን የማያውቅ ቤተ ዘመድ ጥቂት ነው ማለት ይቻላል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ አንድ ነገር መናገር ይገባል፤ ስም ከተበላሸ ፍርድ ይበላሻልና። ብዙ ሰዎች፥ ጋዜጠኞችም ጭምር፥ እነዚህን ሕፃናት «ሱሰኛ ሆነው የተወለዱ» ይሏቸዋል። ይህ አጠራር ትክክል አይደለም። ሱስ ማለት አንድ ነገር ጉዳት ማምጣቱ እየታየ እርሱን ፍለጋ መሮጥ ነው፤ ሕፃኑ ግን ምንም አልፈለገም፥ ወዴትም አልሮጠም፥ የመድኃኒቱንም ስም አያውቅም። በእርሱ ላይ ያለው የገላ ልማድና የልማዱ መቋረጥ ብቻ ነው። ከዚህም የሚብስ ስሕተት አለ፤ ይኸውም የሕፃኑን መንቀጥቀጥ ያየ ሁሉ ወዲያው ወደ እናቲቱ ጣቱን መቀሰሩ ነው። ነገር ግን በእነዚህ መድኃኒቶች የተያዘች ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ በድንገት እንድትተዋቸው ሐኪሞች አያዟትም፤ ይህ ለእርስዋም ለፅንሱም አደገኛ ስለ ሆነ፥ በልክ የሚሰጥ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን እንድትወስድ ያደርጓታል። በ2010 ዓ.ም. በታተመ አንድ ትልቅ ምርመራ እናቶቻቸው ቡፕረኖርፊን የወሰዱት ሕፃናት በሆስፒታል በአማካይ 10 ቀን፥ ሜታዶን የወሰዱት ደግሞ 17 ቀን ተኩል ቈይተዋል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ የሚንቀጠቀጡት እናታቸው ሐኪም ያዘዛትን ስለ ፈጸመች ነው። መንቀጥቀጡ የአንድ ገላ ምልክት ነው እንጂ የአንዲት ነፍስ ጥፋት ማስረጃ አይደለም። ይህን የለየ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ሁሉ ለመፍረድ ይቀለዋል።

የምልክቱ ንባብ በሥርዓት የተጻፈው በ1975 ዓ.ም. ነው። ሎሬታ ፊኔጋን የተባሉ የፊላደልፊያ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሕፃኑን ምልክቶች ዘርዝረው ለያንዳንዱ ነጥብ ሰጡት፤ ለልቅሶው ይህን ያህል፥ ለመንቀጥቀጡ ይህን ያህል፥ ለማስነጠሱ ይህን ያህል እያሉ። ነርሷም በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ እየመጣች ትደምራለች፤ ድምሩ በተከታታይ 3 ጊዜ 8 ከደረሰ በብዙ ሆስፒታል መድኃኒት ይጀመርለታል። የሚጀመርለትም መድኃኒት ራሱ ሞርፊን ወይም የሞርፊን ዘመድ ነው፤ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እስኪተወው ድረስ ብዙ ቀን፥ አንዳንዴም ብዙ ሳምንት ይወስዳል። ይህ ሥርዓት በጊዜው ትልቅ በጎ ሥራ ነበር፤ ከዚያ በፊት አንዱ ሐኪም በግምት መድኃኒት ይሰጣል፥ ሌላው በግምት ይከለክላል። ነገር ግን ሁለት ነርሶች አንዱን ሕፃን አይተው ሁለት ዓይነት ድምር ያገኛሉ፤ ከሁለቱ ምልከታዎች መካከል ባሉት ሰዓቶች ምን እንደ ሆነም የሚያውቅ የለም፤ ደግሞም የተኛውን ሕፃን ለመቍጠር ሲሉ መቀስቀስና መግለጥ አለ፤ የተቀሰቀሰ ሕፃን ደግሞ እንደሚያለቅስ ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም።

መሣሪያው የገባው በዚህ ክፍተት ነው። በሕሙማን ገላ ላይ እየታሰረ የሚቈጥር መሣሪያ ፈጽሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ታኩኦ አዮያጊ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ በ1974 ዓ.ም. ገደማ በብርሃን አማካይነት በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መለካት እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ፥ በጣት ወይም በእግር ላይ የሚታሰረው ብርሃን በየሆስፒታሉ የተለመደ ሆኗል። ዳሩ ግን በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ብዙ ዘመን የታየው መሣሪያ ሽቦው የበዛ ነበር። ከደረት አንድ ሽቦ፥ ከእግር አንድ ሽቦ፥ ከሆድ አንድ ሽቦ ወጥቶ ሕፃኑ እንደ ታሰረ ፍየል በአልጋው ላይ ይቀራል፤ ማጣበቂያው ሲላቀቅም ቀጭኑን ቆዳ ይዞ የሚነሣበት ጊዜ አለ። በ2019 ዓ.ም. በቺካጎ አጠገብ ባለው በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ጆን ሮጀርስ የተባሉ ሊቅ ከብዙ ባልደረቦች ጋር ሆነው፥ ሽቦ የሌለው፥ እንደ ቆዳ ለስላሳ የሆነ፥ አንዱ በደረት ሁለተኛው በእግር የሚለጠፍ መሣሪያ ሠርተው አሳዩ፤ የልብን ምት፥ ትንፋሽን፥ ሙቀትንና ኦክስጅንን እየለካ ካለ ሽቦ ወደ ማያው ይልካል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ለዚህ ለመቋረጥ ሕመም ለማዋል የሚጥሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ መንቀጥቀጡን በእንቅስቃሴ መለኪያ፥ ላቡን በቆዳው እርጥበት፥ ልቅሶውንም በድምፅ መዛኝ እየቈጠሩ፥ ነርሷ በየ4 ሰዓቱ የምታየውን መሣሪያው በየደቂቃው እንዲያይ ማለት ነው።

ስለ መሣሪያው የሚገባውን ምስጋና ሳልሰጥ ማለፍ አልወድም። መሣሪያ አይደክመውም፥ አያንቀላፋም፥ አንዱን ሕፃን ወዶ ሌላውን አይጠላም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽቦው ሲቀር እናት ልጅዋን ደረትዋ ላይ አድርጋ ልታቅፈው ትችላለች። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ሐኪሞች ሕፃን ከእናቱ ገላ ጋር ቆዳ ለቆዳ ሲያያዝ እንደሚሻለው ማሳየት ከጀመሩ ወዲህ፥ የሽቦው ነገር ሐኪሞችን ሲያስጨንቅ ኖሯል፤ እቅፉን እንፈቅዳለን ሲሉ ሽቦው ይከለክላል፤ ሽቦውን እናውልቅ ሲሉ ጥበቃው ይቀራል። ስለዚህ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅሙ ከሚለካው ይልቅ በማይከለክለው ነገር ነው ብል ከእውነት አልርቅም።

በቋንቋችን «ይጠብቃል» የሚለው ቃል ብ ሲላላ መጥበቅን፥ መታሰርን ያመለክታል፤ ብ ሲጠብቅ ደግሞ ጠባቂ መሆንን፥ እንደገናም ጊዜን በትዕግሥት መቈየትን ያመለክታል። አንድ መሣሪያ በሕፃን እግር ላይ ሲታሰር የፊተኛውን እንደሚሠራ ግልጥ ነው። የኋለኞቹን ሁለቱን ይሠራል ወይ? በእኔ አስተያየት አይሠራም፤ ምክንያቱም ጠባቂ ማለት የሚያይ ብቻ ሳይሆን ባየው ጊዜ የሚነሣ ነው። ሌባ ሲገባ አይቶ «ሌባ ገብቷል» ብሎ በመዝገብ የጻፈ ዘበኛ ደመወዙን አግኝቶ ይሆናል፤ ቤቱን ግን ጠበቀ አይባልም። በየሆስፒታሉ የሚጮኹት ደወሎች ብዙዎቹ ምንም እርዳታ የማያስፈልጋቸው ስለ ሆኑ፥ ነርሶች በብዛታቸው ተሰላችተው እውነተኛውንም ደወል ዘግይተው እስከ መስማት ይደርሳሉ፤ ይህም በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ችግር ነው። በዋሽንግተን አካባቢና በሌላውም የአሜሪካ ከተማ በነርስነት የሚያገለግሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉና፥ ከአንባቢዎቼ ልጁ ወይም እኅቱ በዚያ የምትሠራ ቢኖር ጠይቆ ይረዳው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እደርሳለሁ። በየል ዩኒቨርሲቲ ባለው በኒው ሄቨን የሕፃናት ሆስፒታል ማቲው ግሮስማን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የነጥቡን ድምር ወደ ጎን አድርገው በሦስት ጥያቄዎች ተኩት። ሕፃኑ እንደሚገባው ይጠባልን? ሳይነቃ አንድ ሰዓት ይተኛልን? ሲያለቅስ ቢባበል በ10 ደቂቃ ውስጥ ይጽናናልን? ለሦስቱም መልሱ አዎን ከሆነ፥ ቢያስነጥስም፥ ትንሽ ቢንቀጠቀጥም፥ መድኃኒት አይሰጠውም። ሦስቱን እንዲፈጽም የሚረዳው መድኃኒት በመጀመሪያ የእናቱ እቅፍ፥ የጨለመና ጸጥ ያለ ክፍል፥ መጠቅለያ ጨርቅና ቶሎ ቶሎ መጥባት ነው። በ2017 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ሕፃናቱ በሆስፒታል የሚቈዩበት ጊዜ በአማካይ ከ22 ቀን ወደ 6 ቀን ያህል ወረደ፤ ሞርፊን የሚሰጣቸውም ከ100 98 የነበሩት 14 ሆኑ። አንድ ሆስፒታል ብቻ ነው ብሎ የተጠራጠረ ቢኖር፥ በ2023 ዓ.ም. በ26 የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተደረገው ምርመራ ታተመ፤ በአሮጌው ሥርዓት የተያዙት ወደ ቤታቸው ለመሄድ የሚበቁት በ15 ቀን ገደማ ሲሆን፥ በአዲሱ የተያዙት በ8 ቀን ገደማ በቁ፤ መድኃኒት ያስፈለጋቸውም በአሮጌው ከ100 52፥ በአዲሱ 20 የማይሞሉ ሆኑ።

ስለ መድኃኒቱ ማነስ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ከመጽሐፍ ቤት ወንድሞቼም ጋር ብዙ ተከራክረንበታል። «ሕፃኑ ይጽናናልን?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ መልሱን ለማወቅ የግድ አንድ ሰው ሊያጽናናው ይገባል። የልብ ምት ከሩቅ ይቈጠራል፤ መንቀጥቀጥ ከሩቅ ይታያል፤ ላብም ከሩቅ ይለካል፤ መጽናናቱን ግን ካላጽናናኸው ማወቅ አትችልም። እንግዲህ በዓለም ላይ ቸርነት ሳያደርጉ ሊያገኙት የማይቻል ዕውቀት አለ ማለት ነው። ሊቃውንት ዕውቀትንና ምግባርን ለየብቻ እያስቀመጡ የትኛው ይቀድማል ብለው ብዙ ይከራከራሉ፤ በዚህ ስፍራ ግን ሁለቱ አንድ ሥራ ሆነው ተገኙ፤ መርማሪው መርምሮ ሲጨርስ ሕፃኑም ታቅፎ ጨርሷል። ሙሽራዪቱ ካልታዘልሁ አላምንም አለች እየተባለ ይቀለዳል፤ ሕፃኑም እንደዚያው ካልታቀፍሁ አትመኑኝ የሚል ይመስላል።

ከዚህ የተነሣ መሣሪያው ስፍራው የት እንደ ሆነ ይታያል። በገላ ላይ የሚለበስ ጠባቂ ብንፈልግ በአገራችንም አንቀልባ ነበረን። ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሎ ሲንቀጠቀጥ የእናቱ ጀርባ ይሰማዋል፤ ሲሞቀው ይሰማታል፤ ትንፋሹ ሲለወጥ ይሰማታል። አንቀልባው ይህን ሁሉ ለማንም ሳይናገር ለጀርባዋ ብቻ ይነግራታል፤ እርስዋም ወዲያው እሹሩሩ እያለች ትወዘውዘዋለች። በነገሩና በተነገረው መካከል ርቀት የለም። አዲሱ መሣሪያ ከአንቀልባው በጣም ብልህ እንደ ሆነ አልክድም፤ አንቀልባ የደም ኦክስጅን አይለካም፥ ስንት ሕፃን ደግሞ በአንቀልባ ላይ ሳለ ሕመሙ ሳይታወቅለት ቀርቷል። ልዩነቱ ወዲህ ነው፤ የአዲሱ መሣሪያ ዜና ሩቅ ይሄዳል። ወደ ነርሷ ማያ፥ ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ፥ መሣሪያውን ወደ ሠራው ነጋዴ ሊደርስ ይችላል፤ ማን ከልክሎት ወደ ፍርድ ቤትስ አይደርስም?

ይህ ስጋት ባዶ ፍርሃት አይደለም። በደቡብ ካሮላይና ግዛት በቻርልስተን ከተማ ባለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የአንዳንድ ነፍሰ ጡር ሴቶች ሽንት ሳይፈቅዱ ለኮኬይን እየተመረመረ ለፖሊስ ይነገር ነበር፤ የታሰሩም ነበሩ። ሊታከሙ በሄዱበት ቤት ገላቸው በላያቸው መሰከረባቸው። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በ2001 ዓ.ም. ከ9 ዳኞች 6ቱ ይህ ያልተገባ ብርበራ ነው ብለው ፈረዱ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ በ2014 ዓ.ም. የቴነሲ ግዛት ነፍሰ ጡር ሳለች ያልተፈቀደ መድኃኒት የወሰደችና ልጅዋ በዚያ የተጎዳ እናት እንደ ደብዳቢ እንድትከሰስ ሕግ አወጣ። የሕክምና ማኅበራት፥ ሴቶቹ ቅጣቱን ፈርተው ከሐኪም ይሸሻሉ ብለው ተቃወሙ። ሕጉ የተወሰነለት ሁለት ዓመት ሲፈጸም በ2016 ዓ.ም. ሳይታደስ ቀረ። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት በቴነሲ የተወለደ ሕፃን በደረቱ ላይ በየደቂቃው መንቀጥቀጡን የሚጽፍ መሣሪያ ቢኖረው ኖሮ፥ ያ መሣሪያ ጠባቂው ነበርን ወይስ በእናቱ ላይ የቆመ መስካሪ? የሕፃኑ ሕመም ራሱ፥ ሳይጠየቅ፥ ሳይፈቅድ፥ አፍ ሳይኖረው፥ ከእቅፉ ሊለየው የሚችል ቃል በገዛ እናቱ ላይ ሰጠ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ1996 ዓ.ም. ኦክሲኮንቲን የተባለውን ኪኒን ለገበያ ያወጣው የፐርዱ ፋርማ ቤት፥ በ2007 ዓ.ም. እኅት ኩባንያው መድኃኒቱን በሚያሳስት መንገድ መሸጡን አምኖ ተቀጣ፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ፐርዱ ራሱ በወንጀል ጥፋተኛ ነኝ አለ። ከሱስ ማዕበሉ ምንጮች አንዱ ይህ እንደ ነበረ በሰፊው የታወቀ ነው። በእነዚያ ነጋዴዎች ደረት ላይ ግን የልባቸውን ምት የሚቈጥር መሣሪያ ማንም አልለጠፈም። መለኪያ ሁልጊዜ የሚታሰረው በደካማው ገላ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ደካማው እጁን ይዘረጋል ወይም፥ እንደ ሕፃኑ፥ እጁን መሰብሰብ አይችልም።

የሚቃወመኝ ሰው እንዲህ ይለኝ ይሆናል። «አንተ ለእናቲቱ ብቻ ታዝናለህ። ልጅዋን የምትረሳ፥ የምትጥል እናት የለችምን? እንዲህ ያለው ሕፃን ወደ ክፉ ቤት ተመልሶ ቢሞት፥ መሣሪያው ያየውን የደበቀ ሰው በደሙ አይጠየቅምን?» ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ አቃልዬም አላልፈውም። ችግር ያለበት ቤት አለ፤ ሕፃን የሚጎዳበትም አለ፤ እንዲህ ያለውን ቤት ሄዶ የሚያይ፥ እናቲቱን የሚደግፍ፥ የግድም ከሆነ ልጁን የሚያስጠጋ ሰው ሊኖር ይገባል። ነገር ግን ስለ ቤቱ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ቤቱ ይሂድ። የሕፃኑ መንቀጥቀጥ ስለ ቤቱ ምንም አይናገርም። ሜታዶንዋን በትእዛዝ የወሰደች፥ ቀን ከሌሊት ልጅዋን አቅፋ የተቀመጠች እናት ልጅ በጣም ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ግድ የሌላት እናት ልጅ ደግሞ ጥቂት ብቻ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ከማይናገረው ነገር ምስክርነት መጭመቅ ለሕፃኑም ጥበቃ አይሆንም፤ እናቲቱን ከሐኪም ቤት ያሸሻታልና፥ ያን ጊዜ የሚጎዳው ይኸው ልንጠብቀው ያልነው ልጅ ነው።

እኔ የምለው ከሕፃኑ ገላ የተነበበው ነገር አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ገንዘቡን ለሰጪው ጥቅም ካልሆነ ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ነግዶበት አተረፍሁልህ ቢል እንኳ ሳይጠይቅ መነገዱ ነውር ይሆንበታል። ሕፃኑ አደራ ሰጪ መሆኑን ሳያውቅ አደራ ሰጥቷል፤ ስለዚህ ከአዋቂው ይልቅ የእርሱ አደራ ይከብዳል። የልቡ ምት የተነበበው ቶሎ እንዲታቀፍ፥ እንዲጠባ፥ ትንፋሹ ቢያጥር እንዲረዳ ከሆነ አደራው ተጠብቋል። ያው ቍጥር ለነጋዴ ቢሸጥ፥ ለከሳሽ ቢሰጥ፥ ወይም ልጁ አድጎ ሃያ ዓመት ሲሞላው «ሲወለድ እንዲህ ነበር» የሚል መዝገብ ሆኖ በየሄደበት ቢከተለው አደራው ተበልቷል። ሕክምናው ሲያልቅ የደቂቃ በደቂቃው ቍጥር አብሮ እንዲጠፋ ሕግ ቢደነገግ እወዳለሁ፤ ሐኪሙ የሚያስፈልገውን ማጠቃለያ በእጁ ጽፎ ይያዝ።

የመሣሪያውን ምስክርነት ከመጠን በላይ ማመን እንደማይገባ የሚያሳይ ሌላ ምክንያትም አለ፤ ይህም በቀጥታ እኛን የሚነካ ነው። በ2020 ዓ.ም. በአሜሪካ በአዋቂዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፥ ያ በጣት ላይ የሚታሰረው የብርሃን መለኪያ የጥቁር ሕሙማንን የኦክስጅን ማነስ ሳያይ የሚያልፍበት ጊዜ በነጮቹ ላይ ከሚያልፍበት ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። በቆዳ ውስጥ ያለው ጥቁረት ብርሃኑን ይጋርደዋል፤ መሣሪያውም ደኅና ነው ይላል። እንግዲህ በዚያ አገር የምትወልድ ኢትዮጵያዊት እናት ማያው «ደኅና» ሲላት የልጅዋን ከንፈርና ጥፍር በዓይንዋ ደግማ ብትመለከት እንደ አላዋቂ ሊቈጥሯት አይገባም።

የቀረው የቤቱ ነገር ነው። ሕፃኑ ከሆስፒታል ሲወጣ ነጋዴው በር ላይ ይጠብቀዋል። እንደ ካልሲ በእግር የሚጠለቅ፥ የልብ ምትንና ኦክስጅንን ለእናት ስልክ የሚልክ መሣሪያ በሰፊው ይሸጣል። ከእነዚህ የታወቀውን የሚሠራው ኦውሌት የተባለ ኩባንያ በ2021 ዓ.ም. ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፥ ፈቃድ ሳያገኝ እንደ ሕክምና ዕቃ ሸጧል ተብሎ፤ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ አሻሽሎ ላቀረበው ፈቃድ አገኘ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ግን በ2022 ዓ.ም. ባወጣው ምክር በቤት የሚደረግ የልብና የትንፋሽ መቈጣጠሪያ ሕፃንን ከድንገተኛ ሞት ለማዳን መንገድ ተደርጎ እንዳይያዝ መክሯል። ይህ ካልሲ እንደ አንቀልባው ለእናቲቱ ስለሚነግራት የተሻለ ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን አንቀልባ ያላት ሴት ዙሪያዋን ሰው ነበራት። በእኛ ልማድ አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ገንፎ የሚያገነፋላት፥ ልጁን የሚቀበላት፥ ቡና እያፈላ የሚያጫውታት አላት። ከሱስ ለመዳን የምትታገል፥ ዘመድ የራቃት፥ ልጄን ይወስዱብኛል እያለች የምትፈራ ሴት ሌሊት ስልኳ ሲጮኽ ብቻዋን ትነሣለች፤ ልጁ ደኅና ሆኖ ታገኘዋለች፤ እንቅልፍ ግን ሄዷል፥ በማግሥቱም ድካሙ ወደ አሮጌው መድኃኒት ይጎትታታል። መንግሥትም ሆነ በጎ አድራጊ ማኅበር ገንዘብ ካለው፥ ከካልሲው ዋጋ በፊት በሳምንት ሦስት ቀን ለምትመጣ አንዲት ጠያቂ ሴት ደመወዝ ቢከፍል እመርጣለሁ፤ ያቺ ሴት ሕፃኑን ተቀብላ ስታቅፈው እናቲቱ ሁለት ሰዓት ትተኛለችና።